የሸሸ ቀልብ እንዴት ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «ኮሌጅ ውስጥ የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 80 ያህል ተማሪዎች አሉ። ድሮ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳስተምር የሚከታተለኝ አላጣም ነበር። አሁን 10 ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ‹እንደ ቲክቶክ ቆራርጠህ አቅርብላቸው› ይሉኛል። ሌሎቹ ‹ስልክ ከልክልና ተገላገል› ይላሉ። ትምህርቱን ማቅለል አልፈልግም። ልቡ ለሌለ ሰው ማስተማርም ሰለቸኝ። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ ድካምዎ ተሰማኝ። እኔም ለረጅም ጊዜ አስተምሬያለሁ። አሁን ሥራዬ የኮሌጅ መምህራንን በማስተማሪያ ዘዴ ላይ ማሠልጠን ነው። ይህ ጥያቄ ያልተነሣበት ሥልጠና ትዝ አይለኝም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገርዎ። ትምህርቱን አይቆራርጡት፤ አያቅልሉት። የተማሪው ቀልብ መሸሹ አይቀርም። የመምህሩ ሥራ ሲመለስ የሚገባበትን በር ከፍቶ መጠበቅ ነው። በብዙ ክፍል ውስጥ ያ በር ዝግ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የሚወራውን ከተለካው እንለይ። የሰው ትኩረት 8 ሰከንድ ሆኗል፣ ከዓሣ እንኳ አንሷል ሲባል ሰምተው ይሆናል። ይህ አባባል በሰፊው የተሰራጨው ማይክሮሶፍት ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በእ.ኤ.አ. ናቸው) ካወጣው ሪፖርት ወዲህ ነው። ምንጩን ወደ ኋላ ሄደው የፈለጉ ሰዎች የሚጨበጥ ጥናት አላገኙም። «ተማሪ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ማዳመጥ አይችልም» የሚለውም እኛ መምህራን ስንቀባበለው የኖርነው ነው። ማስረጃውን ያጣሩት ተመራማሪዎች ደካማ ሆኖ ነው ያገኙት።

በደንብ የተለካም ነገር አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የሠሩት ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ ሰዎች ኮምፒውተር ሲጠቀሙ አንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ለዓመታት ተከታትለዋል። በ2004 አካባቢ አማካዩ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር። በ2012 ወደ 75 ሰከንድ ወረደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት 47 ሰከንድ ገደማ ሆነ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ልብ ይበሉ፤ የተለካው ልማድ ነው። አቅም አልተለካም። ያው ተማሪ የሚወደውን ጨዋታ ሲያይ 90 ደቂቃ ዓይኑን አይነቅልም። ስለዚህ ዓይንዎ አልዋሸዎትም፣ የሆነ ነገር ተለውጧል። የተለወጠው ግን በልምምድ ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። ወደዚህ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2010 የታተመው የዳያን ባንስና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ለኬሚስትሪ ተማሪዎች በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ሰጧቸው። «ቀልባችሁ እንደሸሸ ባወቃችሁ ቁጥር ተጫኑ» አሏቸው። ውጤቱ ብዙዎቻችን የምናስበውን አይመስልም። ትኩረት 10 ደቂቃ ቆይቶ ጭራሽ አልጠፋም። ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ ይመጣል። አብዛኛው መሸሽ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ነው የቆየው። መምህሩ በተግባር ሲያሳይ ወይም ጥያቄ ሲያቀርብ መሸሹ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ከጥያቄው ቀጥሎ በሚመጣው ተራ ሌክቸር ላይም መሸሹ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥያቄው ካለፈ በኋላም ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ይዘን ወደ እርስዎ ክፍል እንግባ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ተማሪ ተቀምጣለች እንበል። ስለ ክሎሮፕላስት እያስረዱ ነው። አንድ የቤት ጉዳይ ትዝ አላት። 40 ሰከንድ ሄደች። ተመለሰች። ስላይዱ ተቀይሯል። እርስዎ «ስለዚህ ይህ ኤንዛይም…» እያሉ ነው። የትኛው ኤንዛይም? ምኑ ነው «ስለዚህ»? ጎረቤቷን ልትጠይቅ አፈረች። ልትከታተል ሞከረች፣ አልያዘላትም። ያኔ ስልኳን አወጣች። እርስዎ ያዩት ስልኩን ነው። ችግሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው፤ ተመልሳ የምትገባበት ቦታ ስታጣ።

እንግዲህ በሩ እንዴት ይከፈታል? ቀላሉን ላስቀድም። የዕለቱን ዋና ጥያቄ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉ። እስከ መጨረሻው አያጥፉት። ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላ ሲሻገሩ ወደ ጥያቄው እየጠቆሙ «እስካሁን ይህን አግኝተናል፣ የቀረን ይህ ነው» ይበሉ። 10 ሰከንድ አይፈጅም። ጠፍታ የነበረችው ልጅ እዚያ ላይ ትሳፈራለች።

ትልቁ በር ግን ጥያቄው ራሱ ነው። የእርስዎን ትምህርት የሚያስተምር ባልደረባ አለኝ። ፎቶሲንተሲስን ሲያስተምር ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተከታትዬዋለሁ። ትርጉሙን ሰጠ። ቀመሩን ጻፈ። ብርሃን የሚፈልገውን ክፍል አስረዳ፣ ቀጥሎ ስኳር ወደሚሠራበት ክፍል፣ ወደ ካልቪን ሳይክል፣ ገባ። ጥርት ያለ አስተማሪ ነው፤ አንድም ስህተት አላየሁበትም። ከፊቴ የነበሩት ሁለት ረድፎች ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። በየመሀሉ «ገባችሁ? ጥያቄ አለ?» ይላል። ዝም ይላሉ። «ጥሩ፣ እንቀጥል» ይላል። ሁላችንም የምናደርገው ነው። «ገባችሁ?» ግን ጥያቄ አይደለም። ያልገባው ተማሪ ምን እንዳልገባው ራሱ አያውቅም፤ ታዲያ ምን ብሎ ይመልስ?

በሚቀጥለው ሴሚስተር ያንኑ ትምህርት አብረን እንደገና አዘጋጀነው። ክፍሉ ገባና ምንም ሳያስረዳ ይህን ጻፈ፦ «አንዲት ትንሽ ዘር ከብዙ ዓመት በኋላ ግዙፍ ዛፍ ሆነች። ዛፉን ቆርጠን፣ ውሃውን አድርቀን ብንመዝነው የቀረው ክብደት በአብዛኛው ከየት የመጣ ነው? ሀ. ከአፈር፣ ለ. ከውሃ፣ ሐ. ከአየር፣ መ. ከፀሐይ ብርሃን።» ከዚያ «አትነጋገሩ፤ አንድ ደቂቃ አላችሁ። መልሳችሁን ጻፉ» አለ።

ደቂቃው ሲያልቅ መልሳቸውን ደረታቸው ላይ በጣታቸው አሳዩ፤ ለሀ አንድ ጣት፣ ለለ ሁለት። ይህ ማንም ከማንም እንዳይኮርጅ፣ ማንም እንዳያፍር ነው። ብዙው ክፍል አንድ ጣት አወጣ። አፈር። መምህሩ ትክክለኛውን አልተናገረም። «ከእናንተ የተለየ መልስ የሰጠ ሰው አጠገባችሁ ፈልጉና አሳምኑት» አላቸው።

ክፍሉ ተነቃነቀ። ከፊቴ አንዲት ልጅ «አየር ክብደት አለው እንዴ?» አለች፤ በእውነት ገርሟት ነበር። አጠገቧ ያለው ልጅ «እሺ፣ ከአፈሩ ከሆነ ከዛፍ ሥር ሁሉ ትልቅ ጉድጓድ አይኖርም ነበር?» አላት። ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አልረሳትም። ልጅቱ እያሰበች ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል።

ከዚያ መምህሩ የቫን ሄልሞንትን ሙከራ ነገራቸው። ጽሑፉ የታተመው በ1648 ነው። ሰውየው 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር መዝኖ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ውሃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ጠበቀ። ከሁለት ኪሎ ትንሽ የሚበልጠው ችግኝ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ። አፈሩን እንደገና አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ቫን ሄልሞንት «እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ። መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ምኑን ሳይመዝን ቀረ?» አለ።

ካልቪን ሳይክል የመጣው እዚህ ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ተይዞ ስኳር የሚሆንበት ሂደት አሁን የሚጠበቅ መልስ ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ሰሌዳ፣ ያው ከባድ ይዘት። ለ15 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ አስረዳ። ስልኩን ያነሣ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን አስቀምጦ ይመለስ ነበር። የሚመለስበት ነገር ነበረዋ።

ይህን ዘዴ እንዲህ ባለ ቅርጽ ያደራጁት የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ናቸው፤ ከ1991 ጀምረው። አንድ ጠቃሚ መመሪያ አላቸው። በመጀመሪያው ዙር ትክክለኛውን ያገኘው ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆነ ያወያዩ። ከዚያ በታች ከሆነ የሚከራከሩበት ነገር ገና የላቸውምና እንደገና ያስረዱ። ከዚያ በላይ ከሆነ አጠር ያለ ማብራሪያ ሰጥተው ይለፉት። ጥሩ ጥያቄ ማለት ግማሹ ክፍል በሙሉ ልቡ የሚሳሳትበት ነው። ለዚህ የሚረዳዎት ያለፉት 14 ዓመታት የፈተና ወረቀቶችዎ ናቸው። ተማሪ ሁሉ የሚወድቅበትን ጥያቄ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ይህ ማዝናኛ ነው ወይስ ማስተማሪያ?» የሚሉኝ አሉ። ሁለት ጥናት ላንሣ። በ2013 ካርል ስፑናርና ባልደረቦቻቸው 21 ደቂቃ የሚፈጅ የስታቲስቲክስ ሌክቸር በአራት ከፍለው በቪዲዮ አሳዩ። አንዱ ቡድን በየክፍሉ መሀል ስለ ተማረው አጭር ጥያቄ መለሰ። በየመሀሉ ያልተፈተነው ቡድን ስለ ሐሳቡ ሲጠየቅ 41 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነበር። የተፈተነው 19 በመቶ። ቪዲዮው ለሁለቱም አንድ ነው፤ አልቀለለም። ልዩነቱን ያመጣው በየመሀሉ «ምን ያዝክ?» መባሉ ነው። ሁለተኛው የሮዲገርና የካርፒኪ የ2006 ጥናት ነው። አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። በአንድ ዙር አንብበው ሦስት ጊዜ ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት 61 በመቶ። ከጭንቅላት ማውጣት ራሱ ማጥናት ነው።

ጥያቄ ሲያቀርቡ ደግሞ ይጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ መምህራን ከጥያቄ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። ወደ 3 ሰከንድ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ የሚሳተፈውም በዛ። የእሳቸው ጥናት በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ነበር። ለኮሌጅ እኔ 10 ሰከንድ እላለሁ። በልብዎ ይቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ያፍናል። እጅ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከሰባተኛው ሰከንድ በኋላ ነው፤ በራሴ ክፍል ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አሁን የሚያስጨንቅዎትን አውቃለሁ። «ኮርሱ አያልቅም።» እውነት ነው፤ በዚህ መንገድ የሚሸፈነው ይቀንሳል። ከክፍለ ጊዜዎ ሩቡን ያህል መልቀቅ ይኖርብዎታል። የሚለቀቀው ግን ከባዱ አይሁን። ትርጉሞች፣ ዝርዝሮች፣ የአመዳደብ ሠንጠረዦች፣ ተማሪው ሀንድአውት ላይ ብቻውን ሊያነበው የሚችለው ሁሉ ይውጣ። ክፍል ውስጥ መቅረት ያለበት ብቻውን ሲያነበው የሚሳሳተው ነው። ሳይንስ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ የሚማሩ ተማሪዎችን የሚመለከቱ 225 ጥናቶችን በ2014 አንድ ላይ የገመገሙት ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው በተራ ሌክቸር የወደቀው 34 በመቶ ገደማ፣ በተሳትፎ በሚሰጥ ትምህርት የወደቀው 22 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። የሸፈንነው ሁሉ ተማሪው ጋ አይደርስም። ይህን መቀበል ለእኔም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ይጠብቁ፦ ተማሪዎች ያማርራሉ። «መምህሩ አያስተምርም፤ እኛኑ ያስለፋናል» ይላሉ። ይህም ተጠንቷል። በ2019 የታተመ የሃርቫርድ የፊዚክስ ጥናት ላይ በተሳትፎ የተማሩት በፈተና የተሻለ አመጡ። ብዙ የተማሩ የመሰላቸው ግን የተዋበ ሌክቸር ያዳመጡት ነበሩ። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙት ሁሉ ነገር የገባ ይመስላል። ማሰብ ግን ይከብዳል፤ ተማሪው ደግሞ የከበደውን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ይንገሯቸው። «ትደናገራላችሁ፤ የምትደናገሩት እየተማራችሁ ስለሆነ ነው» ብለው ምክንያቱን ያስረዱ። ካልነገሯቸው ሰነፍ መምህር ይመስሏቸዋል።

ስለ ስልክ አላበዛም። በጅምላ መከልከል እርስዎን ፖሊስ ያደርግዎታል። እንዲሁ መተውም ልክ አይደለም፤ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ አይደለምና። በ2013 በወጣ ሙከራ በትምህርት መሀል ላፕቶፕ ላይ ሌላ ነገር የሚሠሩ ተማሪዎች ውጤታቸው 11 በመቶ ቀነሰ። ያ ስክሪን የሚታያቸው፣ ራሳቸው ግን በወረቀት ኖት የሚይዙት 17 በመቶ ቀነሱ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎችዎ ያሳዩ፤ ከየትኛውም ቁጣ ይሻላል። ላፕቶፕ የሚጠቀም ኋላ ረድፍ ይቀመጥ። በጥያቄ ሰዓት ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ለማየት ወይም ለመጻፍ መሣሪያ የግድ የሚያስፈልገው ተማሪ ካለ ማንም ሳይሰማ ያመቻቹለት።

ስለ ቲክቶኩ ምክር። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኢዴክስ የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ኮርሶች የመረመሩ ሰዎች 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን አይተው ተማሪዎች በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ ጽፈዋል። ቪዲዮ የሚቀዱ ከሆነ እውነትም አጭር ያድርጉት። ክፍል ውስጥ ግን ፊት ለፊትዎ ሰው አለ፤ ይጠይቁታል፣ ይመልስልዎታል። የቪዲዮን ሕግ ወደዚያ አያምጡት። ሐሳብን መገጣጠሚያው ላይ መክፈል አንድ ነገር ነው። በየሦስት ደቂቃው መበጠስ ግን ተማሪው ረጅም ነጥብ ተከትሎ የመሄድ ዕድል እንዳያገኝ ያደርገዋል።

በልምምድ ይመለሳል ያልኩትም ይኸው ነው። ረጅም ትኩረት ተማሪው ይዞት የሚመጣ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ኮሌጅም ሊያሠለጥነው ይገባል። እኔ ክፍል ውስጥ ማስነበብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ፣ በወረቀት፣ 8 ደቂቃ በፍጹም ዝምታ። እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ ስም አልጠራም፣ ስልክ አልነካም። መመሪያው አንድ ነው፦ ቀልብህ እንደሸሸ ስታውቅ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግና ካቆምክበት ቀጥል። ነጥብ በመብዛቱ የሚወቀስ የለም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ገልብጠው የጸሐፊውን ዋና ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ደቂቃ እጨምራለሁ።

አንድ ተማሪ የመጀመሪያ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ኅዳጉ በነጥብ ተሞልቶ ነበር። 11 ቆጠርኩ። ፊቱ ቀልቷል። «እኔ ማንበብ አልችልም ማለት ነው» አለኝ። «11 ጊዜ ተመልሰሃል ማለት ነው» አልኩት። በሴሚስተሩ መጨረሻ 25 ደቂቃ ደርሰን ነበር። የመጨረሻ ወረቀቱ ላይ 4 ነጥብ ነበረበት፤ ጽሑፉ ደግሞ ሦስት ገጽ ነው። ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው፣ ማስረጃ ብዬ አላቀርበውም። ግን ከዚያ ወዲህ ያለዚህ ልምምድ ኮርስ ጀምሬ አላውቅም።

ሁሉንም በአንዴ አይጀምሩ። ለሚቀጥለው ሳምንት ተማሪ ሁሌ የሚስተውን አንድ ርዕስ ብቻ ይምረጡ። ሁለት ጥያቄ ያዘጋጁ፤ አንዱን ለመግቢያ፣ አንዱን 35ኛው ደቂቃ ላይ። ሰዓቱ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ብጣሽ ወረቀት ያድሉና «ዛሬ ሐሳብህን የቀየርክበት ነገር ምንድን ነው? ያልገባህስ?» ብለው ያጽፏቸው። ስም አያስፈልግም። 80 ወረቀት ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ «ብዙዎቻችሁ ይህን ጽፋችኋል» ብለው ከዚያው ይጀምሩ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይሠራ ይችላል። ሁሉም ካገኙት ቀሏል፣ ሁሉም ከሳቱት ከብዷል። ጥያቄውን ይቀይሩና በሳምንቱ ይድገሙት።